ስለ ጸሎትና ስለ አንደበት፤ የ፻፵ኛው መዝሙር መጀመሪያ ሐተታ

ንጉሥ ዳዊት በ፻፵ኛው መዝሙር አስቀድሞ ጸሎቱ በእግዚአብሔር ፊት እንደ ዕጣን ያርግለት ዘንድ፥ እጁን ማንሣቱም እንደ ሠርክ መሥዋዕት ይቈጠርለት ዘንድ ይለምናል። ወዲያውም ሌላ ነገር በመካከል ሳያገባ፥ ለአፉ ጠባቂ፥ ለከንፈሩም በር ይደረግለት ዘንድ ይለምናል። ዕብራውያን ይህን መዝሙር ፻፵፩ኛ ብለው ይቈጥሩታል፤ ግእዙ ግን የሰብዓ ሊቃናትን አቈጣጠር ስለሚከተል ፻፵ኛ ይለዋል። በኢትዮጵያ በተለመደው የሳምንት አከፋፈል ዳዊት የሚደግም ሰው በቅዳሜ ድርሻው ያገኘዋል፤ በግሪኮችና በሶርያውያን ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በየማታው በሠርክ ጸሎት ይባላል።

ዮሐንስ አፈ ወርቅ ይህን መዝሙር በተረጐመ ጊዜ፥ የመዝሙሩን ቃል የማያውቅ ሰው የለም ለማለት ጥቂት ቀርቶት፥ ሰዎች በዕድሜያቸው ሁሉ እያዜሙት ምሥጢሩን ግን አለማወቃቸውን ወቅሷል። ይህ ወቀሳ በኢትዮጵያም ቦታ አያጣም። ዳዊት በዚህ አገር ከመጻሕፍት ሁሉ ይልቅ በሰው እጅና በሰው አፍ የኖረ መጽሐፍ ነው፤ ሕፃን ፊደል ቈጥሮ ንባብ ለምዶ ዳዊት ሲደግም ወላጆቹ ደስ ብሏቸው ድግስ ይደግሱለት ነበር። በግእዝ ፊደል መጀመሪያ የታተመው መጽሐፍም፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ፲፭፻፲፫ ዓ.ም. በሮም፥ ይኸው ዳዊት ነው። ይሁን እንጂ ጸሎቱ በግእዝ ስድቡ በአማርኛ ስለ ሆነ፥ አንደኛው ሁለተኛውን ሳይሰማው በአንድ አፍ ውስጥ እንደ ጎረቤት ተቀምጠው ብዙ ዘመን ሊኖሩ ይችላሉ።

ጸሎትን ካነሣ በኋላ ወዲያው የአፍን ጥበቃ ለምን አስከተለ ቢሉ፥ ዕጣን የሚያርገው በጽና ፍሕም ላይ ሲጨመር ነው፤ ፍሕሙ ግን የተጨመረበትን ሁሉ ያጤሳል። በዚያው ፍሕም ላይ በርበሬ ቢጨምሩበት ቤቱን የሞላውን ሰው ሁሉ ያስለዋል። አፍም ለጸሎት አንድ ለስድብ ሌላ ሆኖ አልተሰጠም። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በ፫ኛው ምዕራፍ በዚህ ነገር ይደነቃል፤ ሰው በአንድ አንደበት እግዚአብሔርን አመስግኖ በዚያው በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረውን ሰው ይረግማልና። ከአንድ ምንጭ ዓይን ጣፋጭና መራራ ውኃ እንዴት ይወጣል ብሎም ይጠይቃል። አንድም፥ ጥበቃውን ከእግዚአብሔር መለመኑ ሰው በገዛ ኃይሉ አንደበቱን ሊገራ እንደማይችል ሲያጠይቅ ነው። ያዕቆብም አራዊትና አዕዋፍ በሰው እጅ እንደ ተገሩ፥ አንደበትን ግን ማንም ሰው ሊገራው እንዳልቻለ ተናግሯል። እንግዲህ አንደበትን መጠበቅ ከጸሎት በኋላ የሚመጣ ሌላ ምግባር ሳይሆን የጸሎቱ የራሱ ክፍል ነው።

በር ማለቱስ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ በር ግንብ አይደለም። ዳዊት ከንፈሩ በማኅተም ይታተም ዘንድ አልለመነም። በመኳንንት ግቢ አጋፋሪ ይሾም የነበረው ሰው ሁሉ እንዳይገባ ሳይሆን፥ የሚገባው በጊዜውና በማዕረጉ እንዲገባ፥ የማይገባውም በደጅ እንዲቆይ ነው። አጋፋሪ የሌለው ግቢ ደግሞ ሌባውን ከባለጉዳዩ ሳይለይ ያስገባል። የከንፈርም በር ቍጣ በነደደ ጊዜ፥ ሰው በሌለበት በሚታማ ጊዜ፥ በንስሓ የተነገረ ምሥጢር ወደ ከንፈር በመጣ ጊዜ ይዘጋል። ያዘነ ሰው መጽናናት ሲሻ፥ ደቀ መዝሙር ሲጠይቅ፥ ድኻ ሲበደል ይከፈታል። ዝም ማለት ሁልጊዜ ትሕትና አይደለም፤ የድኻውን እውነት እያወቀ በችሎት ዝም ያለ ምስክር በሩን ያለ ጊዜው ዘግቷል። አባ አጋቶን ዝምታን እስኪማር ድረስ ሦስት ዓመት በአፉ ድንጋይ እንደ ያዘ በአበው ነገር ተጽፏል፤ ነገር ግን የዚሁ አባት ምክር ለወንድሞች ተነግሮ ዛሬም ይነበባልና፥ ድንጋዩ የመማሪያ እንጂ የዘለዓለም አልነበረም።

ከበሩ ቀጥሎ ያለው ልመና፥ ልቡ ወደ ክፉ ነገር እንዳያዘነብል፥ ለኃጢአትም ምክንያት እንዳይፈልግ ነው። ይህ ቃል ብዙ ጊዜ በችኮላ ይታለፋል። ክፉ የሚናገር ሰው ግን ምክንያት አያጣም። ጌታው፥ አሽከር ካልተሰደበ አይታዘዝም ይላል። መምህሩ፥ ተማሪ ካላፈረ አይገባውም ይላል። ካህኑም፥ ገሠጽሁ እንጂ አልተሳደብሁም ይላል። ስለዚህ መዝሙሩ በዚህ አልቆመም፤ ጻድቅ በምሕረት ቢገሥጸው እንደሚወድ፥ የኃጢአተኛ ዘይት ግን ራሱን እንዳይቀባው እንደሚሻ ይጨምራል።

ተግሣጽ ከስድብ በምን ይለያል ቢሉ፥ ተግሣጽ የተሠራውን ሥራ ይነካል፥ ስድብ ግን ሰውየውን ይነካል። ቃል የሳተውን ተማሪ፥ ይህችን ቃል ስተሃልና መልሰህ በላት ቢሉት ተግሣጽ ነው፤ የሚመለስበት መንገድ ታይቶታልና። አንተ ደንቆሮ፥ ዘርህም አልተማረ ቢሉት ግን ስድብ ነው። ከሳተው ቃል ሊመለስ ይችላል፤ ከዘሩ ግን ወዴት ይመለሳል? በምሕረት የተደረገ ተግሣጽ እንዴት ያለ እንደ ሆነ ዳዊት ራሱ በሕይወቱ አይቶታል። በኦርዮን ነገር በበደለ ጊዜ ነቢዩ ናታን መጥቶ በመጀመሪያ ንጉሡን በስም አልከሰሰም። አንዲት በግ ብቻ ስለ ነበረችው ድኻና ብዙ በግ እያለው ያችን ስለ ነጠቀ ባለጠጋ ነገረው። ዳዊትም ተቈጥቶ በባለጠጋው ላይ ከፈረደ በኋላ፥ ያ ሰው እርሱ ራሱ እንደ ሆነ ናታን ገለጠለት። እውነቱ በአንዳች አልተቀነሰም፤ ነገር ግን ንጉሡ እንዲሰማው ሆኖ ተነገረ። ናታን በአዳራሹ መካከል ሰድቦት ቢሆን ኖሮ ዳዊት የሚያስበው ስለ ክብሩ እንጂ ስለ ኦርዮን ባልነበረም።

የኃጢአተኛ ዘይት የተባለው የአቈላማጭ ውዳሴ ነው። ዘይት ያለሰልሳል፥ ፊትንም ያበራል፥ ቍስልን ግን ሸፍኖ ሊያስቀር ይችላል። ይህ ክፍል ለሹማምንት ከሁሉ ይልቅ ይከብዳል፤ ዘይት ይዞ የሚመጣላቸው ብዙ ነው፥ በምሕረት የሚገሥጻቸው ግን ጥቂት ነው፥ እርሱም ሁለተኛ እንዲመጣ አይጠራም። በዚህ ላይ መልካም ንግግር ማለት ለስላሳ ንግግር ብቻ እንዳይመስል፥ አፉ ወርቅ የተባለው ዮሐንስ የቤተ መንግሥቱን ቅንጦት በመገሠጹ ንግሥት አውዶክስያ ተቀይማው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ፬፻፬ ዓ.ም. ከቍስጥንጥንያ ተሰድዶ በ፬፻፯ ዓ.ም. በስደት መንገድ ዐርፏል። ወርቅ መባሉ ማንንም ስላላሳዘነ አይደለም።

ቅዱስ ጳውሎስም ለቈላስይስ ሰዎች በጻፈው መልእክት በ፬ኛው ምዕራፍ ጸሎትንና ንግግርን እንዲሁ አጣምሮ ይገኛል። እስረኛ ሆኖ ሳለ የወህኒው በር ይከፈትለት ዘንድ ጸልዩልኝ አላለም፤ የቃል በር ይከፈትለት ዘንድ እንጂ። ጥቂት ዝቅ ብሎም ንግግራቸው በጸጋ ሆኖ በጨው የጣፈጠ እንዲሆን ያዝዛል። በማር አላለም። አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይመነዘርበት በነበረው አገር ጨው ምን ያህል በስስት እንደሚያዝ የሚያስረዳ አያስፈልግም፤ ያነሰበት ወጥ አይጥምም፥ የበዛበትም አይበላም። ጨው ከመበስበስም ይጠብቃል። ይኸው ሐዋርያ ለኤፌሶን ሰዎች ከአፋቸው ክፉ ቃል እንዳይወጣ ሲያዝዝ በግሪኩ የጻፈው ቃል የበሰበሰ ማለት ነው፤ ማቴዎስም ከመረቡ ተለይተው ስለ ተጣሉት የማይረቡ ዓሦች ሲጽፍ በዚሁ ቃል ተናግሯል።

ይህ ሁሉ እንዴት ይማራል ቢሉ፥ የታሪክ ጸሐፊው ሶቅራጥስ ስለ ግብጻዊው መነኵሴ ስለ አባ ጳምቦ የጻፈው ይነገራል። ጳምቦ ፊደል ስለማያውቅ መዝሙር ሊማር ወደ አንድ ሰው ሄደ። ያም ሰው ፴፰ኛውን መዝሙር ጀመረለት፤ መጀመሪያውም በአንደበት እንዳይስቱ መንገድን ስለ መጠበቅ የሚናገር ነው። ጳምቦ ይህን ሰምቶ ሁለተኛውን ቃል ሳይጠብቅ፥ ይህን በሥራ ልማር ከቻልሁ ይበቃኛል ብሎ ሄደ። ከስድስት ወር በኋላ መምህሩ ስለ መቅረቱ ቢወቅሰው፥ ገና በሥራ አልተማርሁትም አለ። ከብዙ ዘመን በኋላ ሌላ ሰው ቢጠይቀው፥ በ፲፱ ዓመት በጭንቅ ፈጸምሁት ብሎ መለሰ። ይህም መጽሐፍ አብዝቶ መማርን ለመንቀፍ አልተጻፈም፤ አንድ ቃል ብቻ ይዞ የቀረ ሁሉ ጳምቦን አይሆንምና። ነገር ግን ዳዊቱን በሙሉ በቃሉ የያዘ ሰው ከጳምቦ አንድ ጥያቄ ሊዋስ ይችላል፤ ዳዊቱን አጥፎ ከማኅደሩ ከከተተ በኋላ የሚናገራት የመጀመሪያይቱ ቃል ምን ዓይነት ናት?

ያች ቃል በጥንት ጊዜ በጌቶች ቤት ብዙውን ጊዜ ለአሽከር የምትነገር ነበረች፤ ውኃ ስለ ማምጣት፥ በቅሎ ስለ መጫን። በሌላውም ቤት ለልጅ፥ ለሚስት፥ ለተማሪ ትነገራለች። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል በ፭ኛው ምዕራፍ ወንድሙን ራቃ የሚል ሰው ለሸንጎ ፍርድ እንደሚገባ ተናግሯል። ራቃ የአራማይስጥ ቃል ነው፤ ባዶ፥ ከንቱ ማለት ነው። ዮሐንስ አፈ ወርቅ ግን ሲተረጕመው፥ ይህ ቃል የንቀት ነው እንጂ ታላቅ ስድብ አይደለም አለ። ሰው አሽከሩን ወይም ከእርሱ ዝቅ ያለውን ሲያዝዝ፥ አንተ፥ ወዲያ ሂድ፥ ለእገሌ ንገር እንደሚለው ሁሉ፥ የሶርያን ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎችም በአንተ ፈንታ ራቃ ይላሉ ብሎ አስረዳ።

አማርኛ ለሚናገር ሰው ከዚህ ይልቅ የሚቀርብ ትርጓሜ የለም። አማርኛ ለታላቅ አንቱና እርስዎ፥ ለእኩያና ለታናሽ አንተ ይላል። ግእዝ ይህን ልዩነት አያውቅም፤ ለንጉሥም ለእረኛም አንተ ነው። ለእግዚአብሔርም በግእዝ ይሁን በአማርኛ አንተ ይባላል፤ አንቱ ብሎ የሚጸልይ የለም። እንግዲህ ሰው በማለዳ ተነሥቶ በታላቅ ፍርሃትና በታላቅ ፍቅር ለፈጣሪው አንተ ካለ በኋላ፥ ከደጅ ወጥቶ ያችኑ ቃል በአሽከሩ ላይ እንደ ድንጋይ ይወረውራታል። ጥፋቱ በቃሏ አይደለም፤ አባት ልጁን አንተ ሲለው አልበደለውም። ጥፋቱ፥ ቄሱ በጥምቀት ጊዜ የሰየመው፥ በጸሎትም የሚጠራበት ስም ያለውን ሰው ስም እንደሌለው አድርጎ መጥራት ነው። ይህንም ጌታ በሕግ ላይ ከነፍስ ግድያ ጋር በአንድ ምዕራፍ፥ በአንድ ትእዛዝ ሥር ተናገረው።

ከዚህ ትእዛዝ ጋር አያይዞም ነገሩን ወደ መሠዊያው አደረሰው። መባውን ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ በእርሱ ላይ ቅሬታ እንዳለው በዚያ ቢያስታውስ፥ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ሄዶ እንዲታረቅ ታዘዘ። ቅሬታው የባለ መባው እንዳልሆነ ልብ ይሏል፤ የተበደለው ሌላው ነው። ለታላቅ ሰው ይህ የከበደ ነው። የሰደበው አሽከር ወይም ያዋረደው ተማሪ ቅሬታውን ይዞ ወደ እርሱ ሊመጣ አይችልም፤ ቢመጣም ከደጅ ይመለሳል፥ ቢገባም ከፊቱ ቆሞ በድለኸኛል ሊል አይደፍርም። ስለዚህ ጌታ የተበደለው ይምጣ አላለም፥ የበደለው ይሂድ አለ እንጂ። ሄዶስ ምን ይበል ቢሉ፥ የሚናገረው ቃል በወንጌሉ አልተጻፈም። ዕጣኑ ባይጨስ፥ ቅዳሴው ቢዘገይ፥ ሕዝቡም ቆሞ ቢጠብቅ እንኳ፥ መባው እርሱ እስኪመለስ ድረስ በመሠዊያው ፊት ተቀምጦ ይቆየዋል።