አልፋ ቻናል፦ የፒክስል አራተኛው ቁጥር

በኮምፒውተር የተሠራ ገጸ ባሕርይ በካሜራ በተቀረጸ መንገድ ላይ ሲራመድ የምናየው፣ ሁለቱ ምስሎች ለየብቻ ተዘጋጅተው በኋላ ስለተደራረቡ ነው። ሥራው ኮምፖዚቲንግ ይባላል። ጀማሪ አኒሜተሮች ብዙ ጊዜ ገጸ ባሕርዩን በአረንጓዴ ባክግራውንድ ሬንደር ያደርጉና አረንጓዴውን በኤዲቲንግ ሶፍትዌር ለማጥፋት ይታገላሉ። ይህ ድካም አያስፈልግም። ግሪን ስክሪን ካሜራ ፊት ለቆመ ሰው የተዘጋጀ ዘዴ ነው፤ ካሜራ ተዋናዩን ከግድግዳው ለይቶ አያውቅምና። ሬንደር የሚያደርገው ሶፍትዌር ግን የትኛው ፒክስል ላይ ገጸ ባሕርዩ እንዳለ፣ የትኛው ባዶ እንደሆነ አስልቶ ነው የሚስለው። ይህንን ስሌት እንዲያስቀምጥልን ማዘዝ ብቻ ይበቃል፤ የሚቀመጠውም አልፋ ቻናል ውስጥ ነው።

እያንዳንዱ ፒክስል የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን የሚገልጹ ሦስት ቁጥሮች አሉት። አልፋ አራተኛው ነው። በተለመደው ባለ8 ቢት ምስል 0 ከሆነ ፒክስሉ ፈጽሞ አይታይም፤ 255 ከሆነ ከኋላው ያለውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ትልቁን ሥራ የሚሠሩት ግን በመካከል ያሉት ቁጥሮች ናቸው።

አንዲት የጸጉር ዘለላ እንውሰድ። ከፒክስሉ ስለምትቀጥን 40 በመቶውን ብቻ ሸፈነች እንበል። ባክግራውንዱ አረንጓዴ ከሆነ ቀሪው 60 በመቶ ከጸጉሩ ቀለም ጋር ይዋሃዳል። ማጥፊያው የሚያየው ቅልቅሉን ብቻ ስለሆነ መገመት ግድ ይለዋል፤ ሲያጠብቀው ጸጉሩ ይቆረጣል፣ ሲያላላው ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ይቀራል። አልፋ ካለ ግን የጸጉሩ ድርሻ 40 በመቶ እንደሆነ ተመዝግቧል፤ ቀሪውን ከሥር የሚገባው ቪዲዮ ይሞላዋል። ጭስም ሆነ በፍጥነት ሲወናጨፍ የሚደበዝዝ እጅ በዚሁ መንገድ ሳይበላሽ ይተርፋል።

ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በኒውዮርክ ቴክኖሎጂ ተቋም ያፈለቁት አልቪ ሬይ ስሚዝና ኤድ ካትሙል ናቸው። በ1984 የሉካስፊልም ባለሙያዎች ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ ምስሎች የሚደራረቡበትን ስሌት በሥርዓት አስቀምጠው አሳተሙ። አራቱም በ1996 ከአሜሪካ የፊልም አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት ተቀብለዋል።

ብሌንደር በተባለው የአኒሜሽን ሶፍትዌር ሲሠራ፣ ከሬንደር ማስተካከያው ፊልም በሚለው ክፍል ትራንስፓረንት የሚለውን መምረጥ ነው። ቀጥሎ የፋይል ዓይነት ይመጣል። ጄፔግ አልፋ አይይዝም፤ የተለመደው ኤምፒ4 ቪዲዮም እንዲሁ። ስለዚህ እያንዳንዱ ፍሬም ፒኤንጂ ወይም ኦፕንኢኤክስአር ሆኖ ለብቻው ይቀመጣል። በሰከንድ 24 ፍሬም ለሆነ የ10 ሰከንድ ሥራ 240 ፋይል ማለት ነው። ብዛቱ ጥቅም አለው፤ 150ኛው ላይ መብራት ቢጠፋ ያለቁት አይጠፉም፣ ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል።

ጠርዙ ላይ ጥቁር መስመር ከታየ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። አንዳንድ ፋይል ቀለሙን አስቀድሞ በአልፋው አባዝቶ ያስቀምጣል፤ ግማሹ የተሸፈነ ነጭ ፒክስል 255 መሆኑ ቀርቶ 128 ይሆናል። የኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ ይህን ሳያውቅ ደግሞ ካባዛው ወደ 64 ይወርዳል፤ ጠርዙም ይጠቁራል። መፍትሔው የፋይሉን የአልፋ ዓይነት በማስተካከያው ላይ በትክክል መንገር ነው።

ገጸ ባሕርዩ ብቻውን እንዲቀር ወለሉም ከተወገደ፣ ወለሉ ላይ ያረፈው ጥላ አብሮ ይሄዳል፤ ጥላ የሌለው ገጸ ባሕርይ ደግሞ የተንሳፈፈ ይመስላል። ለዚህ ብሌንደር ሻዶው ካቸር የሚባል አማራጭ አለው፤ ወለሉን ደብቆ ጥላውን ብቻ ያስቀራል።

ሙሉውን ሬንደር ከማስጀመር በፊት ጸጉርና እንቅስቃሴ የበዛበትን አንድ ፍሬም አውጥቶ በነጭም በጥቁርም ላይ አስቀምጦ ጠርዙን አጉልቶ ማየት ይገባል። በሁለቱም ላይ ንጹሕ ከሆነ የቀሩትን ፍሬሞች በልበ ሙሉነት ማስጀመር ይቻላል።