ሆድ ሳይገፋ የሚያድገው ፅንስ፤ በአራተኛው የእርግዝና ወር ምን ይከናወናል?

በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት የሚያስቸግረው ማቅለሽለሽ ቀለል ሲልና የምግብ ፍላጎት ሲመለስ፣ ብዙ ነፍሰ ጡር እናቶች ወደ ተለመደው ሥራቸው ይመለሳሉ። ውኃ ይቀዳሉ፤ እንጨት ይለቅማሉ፤ በአረም ወቅትም ማሳ ላይ ይውላሉ። ሆዳቸው ገና ጎልቶ ስለማይታይ ጤና ጣቢያ መሄዱን “ሲገፋ ይደረሳል” ብሎ ማቆየት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ዘር ከመሬት በላይ ከመታየቱ በፊት ሥር እንደሚሰድድ ሁሉ፣ ፅንሱም ሆድ ሳይገፋ ከእናቱ ብዙ ይፈልጋል።

የእርግዝና ዕድሜ የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ነው። በዚህ ስሌት አራተኛው ወር ከ13ኛው እስከ 16ኛው ሳምንት ያለውን ጊዜ ይይዛል። እስከዚያ ድረስ የፅንሱ ዋና ዋና የአካል ክፍሎች መልክ ይዘዋል፤ ልቡም መምታት ከጀመረ ሳምንታት ተቆጥረዋል። ከዚህ በኋላ ያለው ሂደት የተሠራውን ማሳደግና ማጠንከር ነው።

በ14ኛው ሳምንት ፅንሱ ከራሱ እስከ መቀመጫው 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱም 45 ግራም አካባቢ ይሆናል። በ16ኛው ሳምንት ርዝመቱ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ደግሞ ወደ 110 ግራም ያድጋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ይጨምራል ማለት ነው።

በእነዚህ ሳምንታት ለስላሳ የነበረው አጥንት መጠንከሩን ይቀጥላል። ኩላሊቶቹ ሽንት ያመርታሉ፤ ፅንሱም የሽርት ውኃውን መዋጥ ይለማመዳል። አንገቱ ይለያል፤ የጾታ ብልቱም ቅርጽ እየያዘ ይሄዳል። እጅና እግሩን ቢያንቀሳቅስም ገና ትንሽ በመሆኑ እናትየው ላይሰማት ይችላል። እንቅስቃሴው በአብዛኛው ከ16ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የሚታወቅ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ እናቶች ዘግየት ብለው ይሰማቸዋል።

ፅንሱ ምግብና አየር የሚያገኘው በእንግዴ ልጅና በእትብት አማካይነት ከእናቱ ደም ነው። የእናትየው የደም መጠንም በእርግዝናው ሂደት እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል። ለዚህ የሚበቃ ብረት ካልተገኘ ደም ማነስ ይከተላል፤ ከባድ ሲሆን ያለጊዜው ለመውለድና ክብደቱ ያነሰ ሕፃን ለመውለድ ያጋልጣል። በዚህ ምክንያት ነፍሰ ጡር እናቶች የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን በየቀኑ እንዲወስዱ ይመከራል። ክኒኑን ከቡና ወይም ከሻይ ጋር መውሰድ ግን ብረቱ ወደ ደም የሚገባበትን መጠን ይቀንሳል። ሰገራን ማጥቆሩ የሚጠበቅ በመሆኑ ክኒኑን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም።

የፅንሱ አንጎል ለማደግ አዮዲን ያስፈልገዋል። አዮዲን ያለውን ጨው በተከደነ ዕቃ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቆ ማስቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲልም መጨመር ንጥረ ነገሩ እንዳይባክን ይረዳል። ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ እንቁላልና ወተት በቤት ከሚገኙት ጠቃሚ ምግቦች መካከል ናቸው። በአንጻሩ ጠላና አረቄን ጨምሮ ማንኛውም የአልኮል መጠጥ ወደ ፅንሱ ስለሚደርስ መወገድ አለበት። ፀረ ተባይና ፀረ አረም ኬሚካል መርጨትም ሆነ የተረጨበትን ልብስ ማጠብ ለነፍሰ ጡር ሊተው የሚገባ ሥራ አይደለም። ወባ በሚበዛባቸው አካባቢዎች በአጎበር ውስጥ መተኛት ያስፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክረ ሐሳብ መሠረት፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር መገናኘት ያለባት ሲሆን፣ የመጀመሪያው እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ መሆን ይኖርበታል። ይህ ጊዜ ያለፋት እናትም ሆዷ እስኪገፋ ሳትጠብቅ ወዲያውኑ ክትትል መጀመር ይገባታል። በክትትሉ የደም ግፊት፣ ደም ማነስና በሽንት ወይም በደም የሚታወቁ ሕመሞች ይመረመራሉ። ደም መፍሰስ፣ ፈሳሽ መውጣት፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ብርቱ የሆድ ሕመም ወይም ከባድ ራስ ምታት ከታየ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ በእናትየው ትከሻ ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። ባልና ቤተሰብ ከባዱን ሸክም ሲቀበሏት፣ ለምርመራ የምትሄድበትን ቀን ሲያመቻቹላትና ከማዕዱ የተሻለውን ሲያቀርቡላት፣ ገና ያላዩትን ልጅ እያሳደጉ ነው።