በር ለምታንኳኳው ባለሙያ የረመዳን ጥያቄ አለን

መግሪብ ሊደርስ ሲል የሾርባና የሳምቡሳ ሽታ የጉለሌን ሰፈሮች ያውዳቸዋል። ባለፈው ረመዳን በዚሁ ሰዓት አንዲት ጎረቤታችን ላብ አጥምቋቸው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ አገኘናቸው። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ለሱሁር ዘግይተው ስለተነሡ ውሃ ብቻ ጠጥተው እንክብላቸውን ውጠዋል። «አዛን ሊል ትንሽ ቀርቶት እንዴት ላፍጥር?» ቢሉንም ለምነን ስኳር በጥብጠን አጠጣናቸው። ቀስ በቀስ ነፍሳቸው መለስ አለች። በኋላ ስንጠይቃቸው መድኃኒቱን በጾም እንዴት እንደሚወስዱ የነገራቸው የለም፤ እሳቸውም አልጠየቁም።

ጳውሎስ ሆስፒታልም ሆነ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚገኙት እዚሁ ጉለሌ ነው። ተቋም አጠገባችን ሆኖ ሳለ ዕውቀቱ ማዕዳችን ድረስ አለመዝለቁ ያሳስባል።

አገራችን በ1995 ዓ.ም የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን የጀመረችው ይህንኑ ክፍተት ለመሙላት ነበር። ሰው እስኪታመም ሳይጠበቅ ትምህርቱ ቤቱ ድረስ እንዲሄድ ታሰበ። በገጠር ለአንድ ዓመት የሠለጠኑ ሁለት ሴት ሠራተኞች በየቀበሌው ተመደቡ። በ16 ፓኬጆች ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ወባ፣ ስለ እናቶችና ሕፃናት ጤና አስተማሩ። በ2002 ዓ.ም የከተማው ፕሮግራም ሲጀመር ነርሶች በየቤቱ መዞር ያዙ፤ እንደ ደም ግፊትና ስኳር ያሉ ሕመሞችም በትምህርታቸው ተካተቱ።

ይህ ፖሊሲ ለእኛ ቤተሰቦች የተሟላ የሚሆነው ረመዳንን ሲያስታውስ ነው። ባለሙያዋ በሸዕባን ወር በራችንን ስታንኳኳ «ስኳር ያለበት፣ የሚጾም ሰው አለ?» ብላ ብትጠይቅ ብዙ አደጋ ይቀራል። ኢማሞቻችንም ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቢያስታውሱ ምክሩ ይበልጥ ይሰማል።

እኛም የምናደርገው አለ። የስኳር ሕመምተኛ ጾሙ ከመግባቱ ከወር ተኩል በፊት ሐኪሙን ያማክር። መጾም እችላለሁ ወይ? የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት እንዴት ይሁን? ብሎ ይጠይቅ። በራሱ ግምት መድኃኒት አይቀንስ፣ አያሸጋሽግ። ሱሁርን አይዝለል። የደም ስኳሩ በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ወዲያው ያፍጥር፤ ለመግሪብ ጥቂት ደቂቃ ቢቀርም እንኳ። ጣትን ወግቶ ስኳር መለካት ጾም እንደማያፈርስም ዓሊሞች ያስረዳሉ።

ሃይማኖታችን ለሕመምተኛ አላጠበበም። የሚድን በሌላ ቀን ቀዷ ያወጣል፤ ሕመሙ የማይለቀው ደግሞ ፊድያ ይሰጣል። ይህን እያወቅን አዛውንቶቻችንን «ትንሽ ታገሱ» ማለት ደግነት አይደለም።

ጎረቤታችን ዘንድሮ በሸዕባን ሐኪማቸው ዘንድ ሄደው ነበር። የእንክብሉ ሰዓት ተቀይሮላቸዋል፤ መለኪያውም ከተምሩ ሰሃን አጠገብ ተቀምጧል። ለሱሁር የምንቀሰቅሳቸው ደግሞ እኛ ነን።

ረመዳን ከሪም!