ኮፈን ከፍቶ ማየት፦ በደጋ አገር መኪናን በትንሽ ወጪ ስለመንከባከብ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ገቢው ውስን የሆነ ሰው መኪናውን በገዛ እጁ ምን ያህል ሊንከባከብ ይችላል? ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ ክብደቱ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጨምሯል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫ ሁሉ በብር ሲተመን ተወደደ። ስለዚህ ዛሬ በእጃችን ያለው አሮጌ መኪና፣ ኮሮላም ይሁን ሚኒባስ ወይም አይሱዙ፣ ገና ብዙ ዓመት ማገልገሉ ግድ ሆኗል። እዚህ ያላገኘነውን ዕቃ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ እናስፈልጋለን፤ ዕቃው ተገዝቶ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ እስኪደርስ መኪናው ይቆማል፣ ገቢውም አብሮ ይቆማል።

እኔ የማምነው በራስ መንከባከብ ማለት መካኒክን መተካት ማለት እንዳልሆነ ነው። «ሁሉን ራስህ ሥራ» የሚሉትን አልደግፍም። መንከባከብ ማለት ብልሽቱ ገና ትንሽ ሳለ ማወቅ ማለት ነው። መጀመሪያ ወዴት ማየት እንደሚገባን ደግሞ ጃፓን ውስጥ የተጻፈው መመሪያ ብቻ አይነግረንም፤ የአገራችን ዳገትና ቁልቁለትም ይነግረናል።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ቋንቋው ጥቂት ልበል። ጋራዥ የገባን ሰው ከብረቱ ይልቅ የሚያስፈራው ንግግሩ ነው። መካኒኩ «ኩሽኔታው ሄዷል፣ ጓርኒሲዮኑም ይለወጥ» ሲል ባለቤቱ አንገቱን ይነቀንቃል፤ ምን ያህል እንደሚከፍል እንጂ ስለ ምን እንደሚከፍል አያውቅም። ቃላቱ ግን ምሥጢር አይደሉም። አብዛኞቹ የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። የሊማሊሞን መንገድ በወረራው ዘመን የቀደዱት ሰዎች፣ ጎንደርን የመጨረሻ ምሽጋቸው አድርገው ቆይተው በኅዳር 1934 ዓ.ም. እጅ ሲሰጡ የመኪናቸውን ስም ትተውልን ሄዱ። ካንዴላ ሻማ ነው። ፍሬቻ ፍላጻ ነው። ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ ማለት ነው፤ ሥራውም የሚሽከረከረውን ዘንግ እንደ ትራስ መደገፍ ነው። ፎሌ ደግሞ፣ ማርሹ ከሞተሩ ተላቆ ባዶውን ሲሆን የምንለው ቃል፣ እብድ ማለት ነው። ይህን የመጨረሻውን አስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ውኃው። ከጎንደር ተነሥቶ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ ደባርቅ የሚደርስ መኪና ብዙውን ጊዜ ወደ ላይ ይጓዛል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2100 ሜትር፣ ደባርቅ ደግሞ ከ2800 ሜትር ከፍታ አካባቢ ናቸው። ውኃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ጎንደር ላይ በ93፣ ደባርቅ ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሽሮ በደጋ ለምን ቶሎ እንደሚፈላ፣ ባቄላ ግን ለምን ለመብሰል እንደሚዘገይ እናቶቻችን ያውቁታል። የመኪና ሞተር ደግሞ በተፈጥሮው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ሙቀት እንዲሠራ የተበጀ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ደባርቅ ላይ ጤነኛ ሞተር የሚሠራበት ሙቀትና ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ጎን ለጎን ናቸው ማለት ነው።

ታዲያ መኪናው ሁልጊዜ የማይፈላው ስለ ምንድን ነው? መልሱ በራዲያተሩ ክዳን ላይ ነው። ያ ክዳን እንደ ማሰሮ ክዳን መሸፈኛ ብቻ አይደለም። በውስጡ ያለው ስፕሪንግና ጎማ ውኃውን ግፊት ውስጥ ይይዙታል፤ ግፊት ሲጨምር የመፍላቱ ነጥብ ከፍ ይላል። ክዳኑ ጤነኛ ሲሆን ደባርቅ ላይ እንኳ ውኃው ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። ጎማው ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ግን ግፊቱ ያመልጣል፤ ውኃው በ90 ዲግሪ መፍላት ይጀምራል። በዳገት ላይ ሞተሩ ብዙ ይለፋል፣ የሳሳው አየርም ሙቀቱን በሚገባ አያነሣለትም፤ ስለዚህ ወገራ ላይ ጀምሮ እንፋሎት ይታያል።

አንድ የማውቀው መምህር መኪናው ዳገት ላይ እየፈላ አስቸገረው። ቴርሞስታቱ ተለወጠ፣ የውኃ ፖምፓው ተለወጠ፣ ራዲያተሩ ወርዶ ታጠበ። በመጨረሻ ክዳኑ ሲለወጥ መፍላቱ ቆመ። በጠቅላላው ካወጣው ገንዘብ ውስጥ ትንሹ ዋጋ የክዳኑ ነበር። ከዚህ የምወስደው የአሠራር ቅደም ተከተል ነው፤ ርካሹንና በእጅ የሚዳሰሰውን መጀመሪያ መርምሩ። ሞተሩ ሌሊቱን ካደረ በኋላ ጠዋት ክዳኑን ክፈቱ፣ ጎማውን በጣታችሁ ዳብሱ። ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ጠርዙ ከተበላ ለውጡት። በላዩ ላይ የተጻፈው የግፊት ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ።

ስለ ውኃው ዓይነትም ልናገር። በመንገድ ዳር ከምንጭ ወይም ከወንዝ ተቀድቶ የሚጨመር ውኃ ማዕድን አለበት፤ ማዕድኑ በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ፣ በጀበና ውስጥ እንደምታዩት ዓይነት ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ኩላንት የሚባለው ፈሳሽ ዝገትን ይከላከላል፣ የመፍላቱን ነጥብም ከፍ ያደርጋል፣ በስሜን ከፍታዎች ላይ ሌሊት ውርጭ ሲሆን ውኃው በረዶ እንዳይሆን ይጠብቃል። ገንዘቡ ከሌለ ግን በክረምት ከንጹሕ ጣሪያ የተጠራቀመና በነጠላ የተጠለለ የዝናብ ውኃ ከወንዝ ውኃ እጅግ ይሻላል። መኪናው ከፈላ ደግሞ አቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ታገሡ። ትኩስ ክዳን የከፈተ ሰው ፊቱን ይቃጠላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ የሚደፋም ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ያን ጊዜ ወጪው የክዳን ዋጋ መሆኑ ቀርቶ የሞተር ዋጋ ይሆናል።

ዳገቱ ገንዘብ ያስከፍላል፤ ቁልቁለቱ ግን ነፍስ ያስከፍላል። ከደባርቅ በሊማሊሞ ወደ ዛሪማ የሚወርድ መኪና ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ከነተሳፋሪው 1500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1000 ሜትር ሲወርድ ፍሬኑ ብቻውን ቢይዘው፣ የሚፈጠረው ሙቀት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው በጥቂት ኪሎ ብረትና በስስ የፍሬን ሸራ ላይ ነው።

የፍሬን ዘይት አንድ መጥፎ ጠባይ አለው፤ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ሲገባበት ግን የመፍላቱ ነጥብ እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። የጋለው ዘይት ሲፈላ በቧንቧው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል። ፈሳሽ አይጨመቅም፤ አረፋ ግን ይጨመቃል። አሽከርካሪው ፔዳሉን ሲረግጥ እግሩ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ሰዎች «ፍሬን እንቢ አለው» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይህንን ነው። መኪናው ጎንደር ከተማ ውስጥ ሲነዳ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል፤ ጉድለቱ የሚገለጠው እዚያው ቁልቁለቱ ላይ ነው።

ይህን ለመቆጣጠር የሚያስፈልገው ዓይን ብቻ ነው። ኮፈኑን ስትከፍቱ በሾፌሩ በኩል ብዙ ጊዜ ትንሽ ብርሃን የሚያስተላልፍ የፕላስቲክ ዕቃ ታገኛላችሁ። አዲስ የፍሬን ዘይት እንደ ጠጅ የጠራ ነው፤ እንደ ጠላ ከጠቆረ ዘመኑ አልፏል። በየሁለት ዓመቱ ቢለወጥ መልካም ነው፤ ስትገዙም ያልተከፈተ ትንሽ ጠርሙስ ግዙ እንጂ ከተጋመሰ ጠርሙስ አትቀበሉ፣ በተለይ በክረምት። መጠኑ ከታችኛው ምልክት ከወረደ ዝም ብላችሁ አትሙሉ፤ ወይ ሸራው አልቋል ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ። የሞተር ዘይት ግን ፈጽሞ እንዳትጨምሩበት፤ የፍሬኑን ጎማዎች አሳብጦ ሥርዓቱን በሙሉ ያበላሸዋል።

አሁን ወደ ፎሌ ልመለስ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ማርሹን ወደ ፎሌ መልሰው ቁልቁለት የሚወርዱ አሽከርካሪዎች አሉ። በካርቡራቶር ዘመን ለዚህ ልማድ ጥቂት ምክንያት ነበረው። ነዳጅን በኮምፒዩተር የሚረጩት ዘመናዊ ሞተሮች ግን ማርሽ ውስጥ ሆነው፣ የነዳጁ ፔዳል ሳይረገጥ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ነዳጁን ራሳቸው ይዘጉታል፤ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል። በፎሌ ሲወርዱ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ በእብድ ማርሽ ሊማሊሞን የሚወርድ ሰው ነዳጅም አላዳነ፣ ፍሬኑንም ብቻውን አጋፈጠ። ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ፣ ሞተሩ ይያዝላችሁ፤ ፍሬኑን አጥብቃችሁ ለአጭር ጊዜ እየረገጣችሁ ልቀቁት እንጂ ለረጅም ጊዜ አለዝባችሁ አትያዙት። ይህ ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ጥገና ነው።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የሞተር ዘይትን መኪናው በሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በመለኪያው ዘንግ እዩ። መጥቆሩ ብቻ አያስደንግጣችሁ። ወተት የነካው ቡና መስሎ ከታየ ግን ውኃ ገብቶበታልና ሞተሩን ሳታስነሡ መካኒክ ጥሩ። በበጋ ፒስታ መንገድ የሚሄድ ሰው የአየር ፊልትሮውን በየሳምንቱ አውጥቶ አቧራውን ያራግፍ፤ በዚህ ከፍታ ሞተሩ የሚያገኘው አየር ከባሕር ዳርቻው በአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነውና ተጨማሪ መታፈን አይችልም። የባትሪውን ጫፎች ነጭ ዱቄት ከያዛቸው በቅድሚያ የኔጋቲቩን ገመድ ፈትታችሁ፣ በሙቅ ውኃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ግሪስ ቀቡ። «ባትሪው ሞቷል» ተብሎ አዲስ ከተገዛባቸው ጊዜያት ጥቂት ያልሆኑት በዚህ ይፈቱ ነበር ብዬ አስባለሁ። ዘይት ራሳችሁ ከለወጣችሁ ደግሞ አሮጌውን በጀሪካን አጠራቅሙት፤ ወደ ቦይ የተደፋ ዘይት መጨረሻው ወንዝ ነው፣ የከተማችን የመጠጥ ውኃም ከአንገረብ ግድብ እንደሚመጣ አንርሳ።

መሣሪያን በተመለከተ ሁሉን በአንድ ጊዜ መግዛት አያስፈልግም። የቁልፍ ስብስብ፣ ሁለት ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የጎማ አየር መለኪያና ክሪክ ይበቃሉ። በአንድ ሰፈር የሚኖሩ አምስት ስድስት ሰዎች ዕቁብ ጥለው በጋራ ቢገዙ ደግሞ የተሻለ ጥራት ያለው ዕቃ ያገኛሉ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ አሳስባለሁ። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ማንም ሰው አይግባ። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መደገፊያ አይደለም። ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፉ፣ መኪናውን በጽኑ ድጋፍ ላይ አሳርፉ፣ ሥፍራውም ደልዳላ ይሁን። የመሪን፣ የፍሬን ቧንቧዎችንና የኤርባግን ሥራ ለባለሙያ ተዉ። ሙያተኛውንም በአክብሮት ጠይቁ፤ «ጌታው፣ የወጣውን አሮጌ ዕቃ አሳየኝ፣ የቱ ጋ ነው የተበላው?» ብትሉት ጥሩ መካኒክ አይቆጣም፣ ይልቁንም ያስተምራችኋል።

ለጥያቄ የቀረን ጊዜ ሃያ ደቂቃ ነው። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ በሊማሊሞ የሚወርድ ሰው በመካከላችን ካለ ቅድሚያ እንድንሰጠው እጠይቃለሁ።