ከአስፋልት የወጣ ፒካፕ

ሀራሙስ በጅቡቲ ከተማ በባሕሩ ዳርቻ የሚገኝ የመኖሪያ ሰፈር ነው። የአሜሪካ ኤምባሲ ያለውም በዚሁ ሰፈር ነው። ቁመቱ ከፍ ያለ፣ ወፍራም ጎማ ያጠለቀ ፒካፕ በሰፈሩ ጎዳና ቆሞ ሲታይ ያለ ቦታው የመጣ ሊመስል ይችላል፤ መንገዱ አስፋልት፣ መሬቱም ለጥ ያለ ነውና። ይሁን እንጂ ከከተማው ውጭ ያለው ምድር በአብዛኛው ድንጋይ፣ አሸዋና ጨው ነው። ወደ ምዕራብ የተጓዘ ሰው አስፋልቱን በለቀቀ ጊዜ ይህ መኪና ለምን እንደ ተሠራ ይረዳል፤ ምን ሊደርስበት እንደሚችልም እንዲሁ።

ምድሩ አንድ ዐይነት አይደለም። ከከተማው 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የአሳል ሐይቅ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የተኛ ሲሆን፣ በአፍሪካ ውስጥ ከእርሱ ዝቅ ያለ ስፍራ የለም። ውሃው ከባሕር ውሃ ዐሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ ነው። በሐይቁና በጉቤት ባሕረ ሰላጤ መካከል አርዱኮባ የሚባለው እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. በ1978 ፈንድቷል። ያን ጊዜ ፈስሶ የረጋው ጥቁር ድንጋይ ገና ነፋስና ዝናብ ያላለሰለሰው ስለ ሆነ ጠርዙ እንደ ምላጭ ይቈርጣል። ወደ ደቡብ ምዕራብ ደግሞ ግራንድ ባራ የተባለው ሰፊ የሸክላ አፈር ሜዳ አለ፤ ከዚያም አልፎ፣ ዲክልንና አስ ኤላን ተሻግሮ፣ የአቤ ሐይቅ ይገኛል። የአቤ ሐይቅ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘው አዋሽ ባሕር ሳይደርስ የሚያልቀው በዚያ ነው።

ፒካፕ ይህን ሁሉ የሚችለው ከአሠራሩ የተነሣ ነው። ጋቢናውና የጭነት ሣጥኑ ለየብቻቸው ተሠርተው ሻንሲ በሚባለው አካል ላይ ይቀመጣሉ። ሻንሲው ጐን ለጐን የተዘረጉ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ሲሆኑ፣ በመካከላቸው የተጋደሙ ብረቶች ያያይዟቸዋል፤ ቅርጹ ከመሰላል ጋር ይመሳሰላል። ከኋላ በኩል ክብደቱን የሚሸከሙት እየተደራረቡ የታሰሩ የብረት ቅጠሎች ናቸው። መካኒኮች ባሌስትራ ይሏቸዋል። ቃሉ የጣልያንኛ ሲሆን በመሠረቱ ፍላጻ ለሚወረውር የጦር መሣሪያ የተሰጠ ስም ነው፤ ብረቱ እንደ ደጋን የተለመጠ በመሆኑ ስሙ ይስማማዋል። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታና ጋቢናም የመጡት ከዚያው ቋንቋ ነው፤ ጋራዥ ግን የፈረንሳይኛ ቃል ነው።

እንግዲህ ብዙ ባለመኪናዎች የማይጠረጥሩት ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው በሻንሲው ላይ ነው። ደብል ጋቢና የሚባለው ፒካፕ አምስት ሰው እንዲይዝ ጋቢናው ስለ ረዘመ የጭነት ሣጥኑ አጥሯል፤ ሣጥኑም ወደ ኋላ ስለ ተገፋ ከጭነቱ ብዙው ከኋላ ጎማው ዘንግ በስተኋላ ይውላል። ወደ በረሃ የሚሄድ ሰው ውሃ፣ ነዳጅ፣ ድንኳንና ትርፍ ጎማ ይጭናል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናልና 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ብቻውን 200 ኪሎ ነው። ይህ ክብደት በመኪናው ጅራት ላይ ሲሆን ሻንሲው እንደ ዘነዘና ዐይነት አንድ ወጥ ብረት አይሆንም፤ በኋላ ጎማው ላይ ተደግፎ አንድ ጫፉ ወደ ታች የሚጫን መወርወሪያ ይሆናል። መኪናው ቆሞ ሳለ ምንም ላይታይ ይችላል። በፍጥነት ሲነዳ ከደረቅ ጅረት ቦይ ውስጥ ቢገባ ግን ጭነቱ ብድግ ብሎ ሲወርድ የሚያሳርፈው ኃይል ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ነው። ያን ጊዜ ሻንሲው ከጋቢናው ጀርባ ላይ ይጐብጣል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ በጋቢናውና በጭነት ሣጥኑ መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ሰፍቶ ከታች ይጠብባል። የጐበጠ ሻንሲ በጋራዥ ቢቃናም እንደ ቀድሞው ጠንካራ ነው ብሎ ማመን አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሾፌሮች ከባዱን ዕቃ ከጋቢናው ጋር አስጠግተው ይጭናሉ፤ ለውበት ብሎ ከኋላ በር ላይ ትርፍ ጎማና ጀሪካን መደርደር የሚወዱም ብዙ ናቸው።

የጠጠር መንገድ ሌላ ፈተና አለው። ብዙ መኪና የተመላለሰበት ጥርጊያ መንገድ እንደ ቆርቆሮ ክዳን እየተሸነተረ ይሄዳል። ይህ የሚሆነው መኪኖች ስለሚዘሉ ብቻ እንደ ሆነ ይታመን ነበር፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የፊዚክስ ጥናት በደረቅ አሸዋ ላይ የሚንከባለል ተራ ጎማ እንኳ ፍጥነቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ይህንኑ ሞገድ እንደሚሠራ አሳይቷል። በእንዲህ ያለው መንገድ ላይ ንዝረቱን የሚያበርዱት አካላት ያለ ዕረፍት ይሠራሉ፤ በውስጣቸው ያለው ዘይት ይግላል፣ ይቀጥናል፣ በመጨረሻም ጎማው መሬቱን በቅጡ መርገጥ ይሳነዋል። ቡሎኖች የሚላሉትም በዚሁ ጊዜ ነው።

ጎማን በሚመለከት አንድ ዘዴ አለ። በአሸዋ ላይ የሚሄድ ሰው ከጎማው አየር ይቀንሳል፤ 2 ባር ገደማ ተነፍቶ የነበረውን ወደ 1 ባር ያወርደዋል። ጎማው ሲተነፍስ መሬት የሚነካው ክፍል ይረዝማል፤ ክብደቱም በሰፊ ቦታ ላይ ስለሚከፋፈል አይሰምጥም። ነገር ግን ያው ጎማ ወደ አርዱኮባ ድንጋይ ቢገባ ጐኑ ተለጥጦ ስለሚወጣ በቀላሉ ይቀደዳል። ወደ አስፋልት ሲመለሱ ሳይነፉ በፍጥነት መንዳትም ጎማውን አግሎ ያፈነዳዋል።

«ፎር ዊል» የሚባለው፣ በአራቱም ጎማ የመንዳት ኃይል፣ ባለቤቱን ደፋር ያደርገዋል። መኪናው ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች የሚሄዱት ርቀት ከኋለኞቹ ይበልጣል። በብዙ ፒካፖች የፊቱና የኋላው ዘንግ በፎር ዊል ጊዜ አንድ ላይ ይታሰራሉ፤ በአሸዋ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ልዩነቱ ይካካሳል፣ በአስፋልት ላይ ግን መንሸራተት ስለሌለ ጭንቀቱ በጥርሶቹና በዘንጎቹ ላይ ይከማቻል። መሪው የሚከብደውና መኪናው የሚጐተት የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ውሃ በበረሃ አገር የማይጠበቅ ጠላት ነው። በጅቡቲ ከተማ የሚያልፈው የአምቡሊ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2004 ግን ሞልቶ ብዙ ሰው ገድሏል። ደረቅ የወንዝ መሬት ለመንዳት ስለሚመች ሾፌሩን ይስበዋል፤ ዝናቡ ሩቅ ተራራ ላይ ዘንቦ ጎርፉ ጠራራ ፀሐይ ላይ ሊደርስ ይችላል። ሞተሩ ውሃ ከሳበ ጉዳቱ ፈጣን ነው። አየር ሲጨመቅ ይታመቃል፤ ውሃ ግን አይታመቅም፤ ስለዚህ ወደ ላይ የሚገሠግሠው ፒስተን ከውሃው ጋር ሲጋጭ የሚገፋው ዘንግ ይጣመማል። ያኔ ሞተሩን ደጋግሞ ለማስነሣት መሞከር ጉዳቱን ያብሰዋል። የጋለው የኋላ ዲፈረንሻልም ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው በውስጡ ያለው አየር ስለሚኰማተር ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ዘይቱ ወተት መስሎ ይገኛል።

የአሳል ጨው ለዐይን ያምራል፣ ለብረት ግን መርዝ ነው። በሻንሲው ክፍተቶች ውስጥ ገብቶ ይደርቅና ከባሕሩ እርጥበት ሲያገኝ ዝገቱን ያፋጥናል። ሀራሙስ በባሕር ዳር ስለ ሆነ መኪናው ቤቱ ቢቆምም ከጨው አያመልጥም፤ ከጕዞ መልስ ሆዱን በንጹሕ ውሃ ማጠብ ያሻል።

ከሁሉ የሚከፋው የሰው ሕይወት ነው። በበጋ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። መኪና ሲሰበር በእግር እርዳታ ፍለጋ የሚሄድ ሰው ውሃው ቶሎ ያልቅበታል፤ መኪናው ግን ጥላ ይሰጣል፣ ከሩቅም ከሰው ይልቅ ይታያል። ስለዚህ ከመኪናው አለመራቅ፣ ሁለት መኪና ሆኖ መሄድና የሚመለሱበትን ሰዓት ለሰው ነግሮ መነሣት ከመለዋወጫ ዕቃ ሁሉ ይቀድማል።

መሬቱም ይጐዳል። ግራንድ ባራ ደረቅ ሳለ እንደ ወለል የጠነከረ ነው፤ ዝናብ ሲያገኘው ግን ጭቃ ሆኖ ጎማ ይውጣል፤ የተተረተረውም ቦይ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል። የአፋርና የኢሳ አርብቶ አደሮች ፍየልና ግመል የሚያሰማሩበት ሣር በዚህ አገር ጥቂት ነው። ግመል ሰፊና ለስላሳ መርገጫ ስላላት የጨው ቅፍለቶች ለዘመናት በአንድ ቀጭን መንገድ ተጉዘዋል። ሾፌር ግን የፊተኛው መኪና ያበላሸውን ዱካ ሸሽቶ ከጐኑ አዲስ ይጀምራል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለተኛው ጐን። እንዲህ እየሆነ አንዱ ዱካ ዐሥር ይሆናል፤ በዐሥሩም መካከል የቀረው ቍጥቋጦ ሥሩ ተጨፍልቆ ይደርቃል።