መጠጥ በስደተኛ ወጣት አእምሮ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት

ሺፋ በሳዑዲ ዐረቢያ ዋና ከተማ በሪያድ በስተደቡብ የሚገኝ ሰፈር ነው። በዚሁ በከተማይቱ ደቡብ ወገን፥ በተለይም በመንፉሐ፥ ለቤት ሥራ፥ ለጥበቃና ለቀን ሥራ የተሰደዱ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ሲኖሩ ቆይተዋል። በአገሩ የመጠጥ ክልከላ የታወጀው በ1944 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ መጠጥ በተከለከለበት አገር ስለ መጠጥ ጉዳት መናገር ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፥ መልሱ እንዲህ ነው፤ ክልከላው የጠጪውን ቍጥር ቢያሳንስም የተረፈውን ጠጪ ወደ ስውርና ወደ ብቸኝነት ይገፋዋል።

በአገር ቤት ጠላና ጠጅ በማኅበር፥ በሠርግና በደቦ ከእህል ጋር ይቀርባል፤ ታላላቆች ስላሉ ወጣቱ ያፍራል፤ ልኩን ላለፈውም «ይበቃሃል» የሚለው ሰው አይታጣም። በስደት ግን በስውር የወጣ አረቄ በተዘጋ ቤት፥ በጥድፊያ፥ አንዳንዴም በባዶ ሆድ ይጠጣል። ሜታኖል የተባለው መርዝ ከተቀላቀለበትም ዓይን ያጠፋል፥ ይገድላልም። የጠጣው ሰው ቅጣትንና ከአገር መባረርን ስለሚፈራ፥ ቢታመም እንኳ ወደ ሐኪም ከመሄድ ይቈጠባል።

ወጣቱ ወደዚህ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ለደስታ ብሎ አይደለም። የጕዞው ዕዳ፥ የደመወዝ መያዝ፥ የቤተ ሰብ ናፍቆትና የመያዝ ሥጋት እንቅልፍ ይነሡታል። አልኮል የአንጎልን ሥራ ስለሚያዘገይ ጭንቀቱን ለጥቂት ሰዓት ያበርዳል፥ እንቅልፍም ያመጣል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን እንቅልፉ ይቈራረጣል፤ ሲነጋም ጭንቀቱ ብሶ ይመለሳል። ሰውነቱም መጠጡን እየለመደ ስለሚሄድ ትናንት የበቃው ዛሬ አይበቃውም። የሰው አንጎል እስከ 25 ዓመት ገደማ መብሰሉን ስለማያቆም፥ ጉዳቱ በወጣት ላይ ይከፋል። መድኃኒት መስሎ የተጀመረው ነገር እንዲህ ሁለተኛ ደዌ ይሆናል።

በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመልሰዋል፤ ከዚያም ወዲህ ብዙዎች ተመልሰዋል። ከተመላሾቹ አንዳንዶቹ ኀዘናቸውን ይዘው ወደ ጠበል ስፍራ ይመጣሉ። በዚህ ጊዜ ተማሪውም ተሳላሚውም ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ለብዙ ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ ይጠጣ የነበረ ሰው በድንገት ቢያቆም፥ በመጀመሪያው ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል፥ ላብ ያሰጥመዋል፤ እስከ ሁለተኛው ቀን ባለው ጊዜም ሊወድቅና ሊንፈራገጥ ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ የሌለውን እያየ ሊቃዥ ይችላል። ይህ በመጠጥ መቋረጥ የሚመጣ፥ ለሞትም የሚያደርስ ሕመም ነው፤ ሐኪም ግን በመድኃኒት ሊያሳልፈው ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ማሰርም መምታትም አይገባም፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው እንጂ። ጠበሉና መድኃኒቱ አይቃረኑም።

ሕመሙ ካለፈ በኋላም ሥራው ገና ነው። መጠጡን ብቻ አስጥሎ ኀዘኑን የተወ ሰው ግንዱን ቈርጦ ሥሩን እንደ ተወ ገበሬ ነው። ስለዚህ ተመላሹን «ለምን ጠጣህ?» ብሎ ከመገሠጽ አስቀድሞ «ምን አገኘህ?» ብሎ መጠየቅና ታሪኩን ታግሦ መስማት ይገባል። ኀዘኑ ቢጸናበትም በአዲስ አበባ እንዳለው አማኑኤል ሆስፒታል ወዳሉ የአእምሮ ሐኪሞች አብሮት የሚሄድ ወንድም ያስፈልገዋል። በተዘጋ ቤት ብቻውን የጠጣ ሰው የሚድነው ብቻውን አይደለምና።