ነፃ ጉልበት

ከቢቸና ወደ ሞጣ በምትሄድ ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ዶማቸውን ወንበር ሥር ሊያስገቡ ሲታገሉ እግሬን መቱኝ። ይቅርታ ጠየቁና «ከነፃ ጉልበት መልስ ነኝ፣ ዝያለሁ» አሉ። ነፃ የምትለዋን ረገጥ አድርገው። «ፈቅደው ነዋ የወጡት፣ አያ?» አልኳቸው። «ስሜ ተጠርቶ ነው እንጂ። ብቀር በውስጠ ደንቡ እቀጣለሁ። ፈቃዱ የሊቀ መንበሩ፣ ጉልበቱ የኔ።» ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ይኸው ንግግር ነው።

ጥር ሲገባ ገበሬው በዚህ የነፃ ጉልበት ዘመቻ እርከን ሊሠራ እንደሚወጣ አንባቢ ያውቃል። ማስፈለጉም አያጠራጥርም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጮቄ የሚነሱት ሙጋና ሱሃ ክረምት በመጣ ቁጥር የምሥራቅ ጎጃምን አፈር ይዘው ዓባይ ይገባሉ።

የገረመኝ የእርከኑ ታሪክ ነው። «ፋንያ ጁ» የሚባለው ዓይነት ስሙን ያገኘው ከስዋሂሊ ነው፤ ቦዩ ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ላይ፣ ወደ ተዳፋቱ ይጣላል። በ1976 በምዕራብ ጎጃም አንጀኒ ላይ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተከፈተ፤ የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር የያዘው ሥራ ነበር። በ1978 ፋንያ ጁ ተሠራበት፣ የሚታጠበው አፈርም ቀነሰ። እህሉ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህን ያህል አልጨመረም፤ እርከኑ ራሱ መሬት ይወስዳል፣ ዝናብ በሚበዛበት አገርም ውሃ ያስተኛል። ይህን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ጽፈውታል።

ሚኒባሷ ውስጥ ያሉት አዛውንት ደግሞ ያላነበቡትን ነገሩኝ። ማሳቸው ዋልካ ነው። «ውሃው እርከኑ ሥር ተኛ፣ ጤፌ ቢጫ ሆነ። በሬዬ የሚዞርበት አጣ። አይጥ ብቻ ነው የተጠቀመው፣ ቤት ተሠራለት።» አባቶቻቸው ማሳውን የሚያጠነፍፉት በፈሰስ ነበር፤ በሰያፍ በሚታረስ ቦይ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ፦ «በቀን ሠርቼ በሌሊት የናድኩ እኔ ነኝ።»

ያም ሆኖ ሰነፍ አይደሉም። ከመንደራቸው በላይ ያለውን ቦረቦር ከጎረቤቶቻቸው ጋር በወንፈል ድንጋይ ደርድረው፣ ሰንበሌጥ ተክለው ዘግተውታል። «ማንም ስማችንን አልጠራም። ሚስቴ ጠላ ጠመቀች፣ በቃ።»

ይህ አገር በትእዛዝ የመጣ ነገር አይዋጥለትም። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ቢቸናና ሞጣ ካመፁት ግንባር ቀደሞች ነበሩ። ርስታችን ሊለካ ነው የሚል ፍራቻ ነበር ያስነሳቸው፤ መንግሥት የጦር አውሮፕላን እስከ መላክ ደረሰ፣ በመጨረሻ ግን አገረ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴን አነሳ፣ ግብሩም ሳይሰበሰብ ቀረ። በ1989 የመሬት ሽግሽግ «ቢሮክራት» ተብሎ መሬቱ የተቀነሰበት ገበሬም እዚሁ አለ። ነገ የማን እንደሚሆን ባላወቀው ማሳ ላይ ድንጋይ የሚደረድር ሰው ልቡን አይሰጥም። እኔ ብሆንም አልሰጥ።

አንድ የወረዳ ኃላፊ ቢሯቸው ተቀብለውኝ ስንት ሄክታር እንደተሠራ ከወረቀት አነበቡልኝ። «አምና ከተሠራው ስንቱ ቆሞ ተገኘ?» ስላቸው ስብሰባ እንዳለባቸው ትዝ አላቸው። በሌላ ቀን ደወልኩ፤ አላነሱም።

ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት ሥራውን ይበልጥ አክብዶታል። ሰው ለመሰብሰብ የሚጠራውም የተጠራውም ይሰጋል። ያልተጠገነ እርከን ደግሞ አንድ ቦታ ሲሸነቆር የሰበሰበውን ውሃ ሁሉ በዚያው ይለቀዋል፤ ከታች ያለው ማሳ ቦረቦር ይሆናል።

ዘመቻውን የምትመሩ ሰዎች፣ በመጪው ጥር አዲስ ሄክታር ከማስመዝገባችሁ በፊት የአምናውን እርከን ዞራችሁ ቁጠሩ። ዋልካ ላይ ስትደርሱም ባለማሳውን ጠይቁት።